ሰልፉ ሙሉ ሳለ

ልጄ፣

ከመጪው መስከረም ጀምሮ የማለዳው የቴኳንዶ ክፍል ያንተ ነው። ስለ እርግጫና ስለ መከላከል የምነግርህ የለኝም፤ በዚያ በኩል ካለፍከኝ ቆይተሃል፣ የእኔም ጉልበት ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ የሚነግረኝ ሆኗል። የምጽፍልህ በቀበቶ ፈተና ስለማይጠየቀው ሥራ ነው፤ ሰውን ስለ ማመስገንና አብረን ስለምናሳልፈው ሰዓት። ሌላ አገር ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሊሆን ይችላል። በእኛ ከተሞች ግን፣ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ሺንሺቾ፣ ዛሬ ፊትህ ከተሰለፉት ውስጥ የትኛው ሳይሰደድ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚኖር አታውቅም። ምስጋናህን ለበኋላ ካስቀመጥከው የምትሰጠውን ሰው ታጣለህ። ቁጥር የሰጠሁት አንተ ሁሉን ነገር በቁጥር ስለምትይዝ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ብዙ አትመራመርበት።

1. እጅ መንሳትን ለወላጅ አስረዳ

መጀመሪያ የሚመጣብህ ጥያቄ ከወላጅ ነው። አንድ አባት በር ላይ ቆሞ «ልጄን ለሰው ታሰግድብኛለህ ወይ?» ይልሃል። ቃለ ሕይወት የሚሄደውም፣ መካነ ኢየሱስ የሚሄደውም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም በየተራቸው ጠይቀውኛል። በጥያቄው አትቆጣ፤ ልጁን የሚጠብቅ አባት የሚጠይቀው ነው። «የኮሪያ ባህል ነው» ብለህም አትሽሽ፤ እንዲያ ያልከው እንደሆነ ጥርጣሬው ይብስበታል። ወደ ውስጥ ጋብዘውና አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይመልከት።

ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቆማሉ። «ቻርዮት» ስትል እግራቸውን ገጥመው ቀጥ ይላሉ። «ክዩንዬ» ስትል ጎንበስ ይላሉ። ከዚያ ይጋጠማሉ፤ ሲጨርሱም እንደገና ጎንበስ ይላሉ። ለአባትየው እንዲህ በለው፦ የመጀመሪያው «አካልህን አደራ ሰጥተኸኛል» ነው፣ የኋለኛው «አደራህን በደህና መለስኩልህ» ነው። እሱ ራሱ በገበያ ቀን የሰፈሩን ሽማግሌ ሲያገኝ ኮፍያውን አንስቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፤ ያን ጊዜ «ሰገድኩ» ብሎ ንስሐ አይገባም።

የጃፓኑን ሰው ታሪክም ጨምርለት። ጂጎሮ ካኖ ጁዶን እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ሲጀምር ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። የተማሪዎቹ ቦታ በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያለች 12 ሰሌን የምታህል ክፍል ነበረች። አባትየው ቤተ መቅደስ ሲሰማ ፊቱ ቢለዋወጥ አትደንግጥ፤ እኛም ስንጀምር የቸርች አዳራሽ ለምነናል፣ ቦታ የሌለው ሰው የሚለምነው እንዲህ ያለውን ቤት ነው። ካኖ በኋላ ለጁዶ ካስቀመጣቸው ሁለት መርሆዎች አንዱ ራስንና ሌላውን አብሮ ማበልጸግ የሚል ነው። ይህን የመሰለ ነገር ሲነገር ስብከት ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን የእጅ ሥራ ነው። መጣል የሚማር ሰው የሚወድቅለት ሰው ያስፈልገዋል። ብቻህን ቆመህ ዓመት ብትለፋ ሰው መጣል አትማርም። ለዚህ ነው በጁዶ ቤት ጀማሪ ከሁሉ በፊት አወዳደቅን የሚማረው፦ በመጀመሪያ ለጓደኛው እንዲጠቅም፣ ኋላ ጓደኛው እንዲጠቅመው።

ይህን ሁሉ ሰምቶም «ይቅርብኝ» ካለ ልጁን አታባርረው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቁም፣ ይበቃል። ወገባቸውን ሳያጥፉ ጓደኛቸውን የሚያከብሩ ልጆች አይቻለሁ። መሬት እስኪነኩ ጎንበስ ብለው ሲያበቁ የጓደኛቸውን ጎድን ሆን ብለው የሚያጎብጡም አይቻለሁ። የምትቆጣጠረው የኋለኞቹን ነው።

2. ፓድ የያዘውን በስሙ ጥራ

ስንጀምር የሚመታ ነገር አልነበረንም። የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሰጋቱራ ጠቅጥቀን በቃጫ ገመድ ከማገሩ ላይ አንጠለጠልን። ቃጫው የመጣው እናቶቻችን እንሰት ሲፍቁ ከሚተርፈው ጭረት ነው፤ እግራችንን ያጠነከረው ገመድ ቆጮ ያበላችን ተክል ልጅ ነበር ማለት ነው። ከረጢት ደግ ነው፣ አይደክመውም። የእርግጫ መቀበያ ፓድ የያዘ ልጅ ግን ይደክመዋል። ክንዱ ደንዝዞ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ የሌላውን እርግጫ ሲያሳምር ይውላል፤ ሜዳሊያው ሲመጣ የሚሄደው ለረገጠው ነው።

ቴኳንዶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ የኦሊምፒክ መደበኛ ስፖርት ሆነ። የእኛን ሰው እዚያ ለማየት ብዙ ቆየን፤ ሐምሌ 2013 ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ከ58 ኪሎ በታች ሲወዳደር በቴኳንዶ ኢትዮጵያን በኦሊምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እኛ ክፍል ውስጥ ያን ቀን ጩኸቱ ሌላ ነበር። አንዲት ልጅ ግን ዝም ብላ ስታይ ቆየችና «ለእሱ ፓድ ማን ይይዝለታል?» አለች። ክፍላችን ውስጥ ዘወትር ፓድ የምትይዘው እሷ ነበረች፣ ሁላችንንም ገባን። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ስጨርስ «ዛሬ ፓድ የያዛችሁ እገሌ፣ እገሊት» ብዬ ስማቸውን እጠራለሁ፤ የረገጡት ያጨበጭባሉ። አንተም ቀጥል። ደቂቃ አይፈጅም።

3. ዊጆ ግባ

እናቴ ዊጆ ነበረቻት። ከተማ ያደግህ ስለሆንክ በስም ብቻ ልታውቀው ትችላለህ። የሰፈር ሴቶች ማኅበር ይመሠርታሉ፤ እያንዳንዷ በልክ የሰፈረችውን ቅቤ ታዋጣለች፣ የተሰበሰበው በሙሉ ተራ ለደረሳት ለአንዷ ይሰጣል፣ ቀጥሎ ለሌላዋ። አንዲት ላም ብቻ ያላት፣ ወተቷም የቀነሰባት፣ በራሷ ብታጠራቅም ዓመት የሚፈጅባትን ቅቤ በአንድ ቀን ታገኛለች። መስቀል ሲደርስ፣ ለሀዲያ ያሆዴ፣ ለከምባታ መሳላ፣ የበዓል ምግቡ አታካና የሚሠራበት ቅቤ ያጣ ጓዳ እንዳይኖር ነው። ወንዶቹ ደግሞ ቱታ አላቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ እያጠራቀሙ ለበዓሉ በሬ ይገዛሉ፣ አርደው ይካፈላሉ።

እናቴ ቅቤዋን ስትቀበል ረጅም ምስጋና ስታቀርብ አልሰማሁም። መረቀች፣ ተመረቀች፣ አለቀ። ምስጋናዋ የታየው በሚቀጥለው ዙር ነው፤ ልኩን ሳታጎድል ይዛ ለሌላዋ ቤት ስትሄድ። ልብ በል፦ የምትከፍለው ባለፈው ለሰጠቻት ለዚያች ሴት ብቻ አልነበረም። ተራው ለደረሳት ነው። ልኩን ያሳነሰች ሴት ደግሞ ምንም ሳይነገራት ታወቃለች፤ የቅቤ ማሳነስ ወሬ በእኛ ሰፈር ከእሳት ይፈጥናል።

የእኛም ቤት እንደዚህ ነው የሚሠራው። እኔን ያስተማረኝ ሰው ከእኔ የሚፈልገው ነገር አልነበረም፤ ብሰጠውም አይቀበለኝም ነበር። ያለብኝን የከፈልኩት ለአንተ ነው። አንተም ለእኔ ልትከፍል አትሞክር። ቢጫ ቀበቶ ያሰረ ሁሉ አንድ ነጭ ቀበቶ ይሰጠው፤ አቋቋሙን ያስተካክልለት፣ ከቀረ ቤቱ ሄዶ ይጠይቀው። አረንጓዴው ለቢጫው፣ ሰማያዊው ለአረንጓዴው እንደዚሁ። «ጊዜ የለኝም» የሚል ባለቀይ ቀበቶ ካጋጠመህ ለጥቁር ቀበቶ ፈተና አታስቀምጠው። እርግጫው የቱንም ያህል ቢያምር አታስቀምጠው።

4. ምስጋና አትሰብስብ

ያረጁ አሰልጣኞች ሲገናኙ የሚያወሩትን ታውቃለህ። «እኔ አውጥቼው ረሳኝ፣ ስልኬን አያነሳም፣ በራዲዮ ሲጠየቅ ስሜን አልጠራም።» ከዚያ አንዱ «ለሰው ሞት አነሰው» ይላል፣ ሌላው ቡና ይጠጣል፣ ሁሉም አዝኖ ይበተናል። ከእነዚህ ጋር ብዙ አትቀመጥ።

ልጅ አስተማሪውን ይረሳል። መርሳትም አለበት፤ ተማሪ የአስተማሪውን ስም ሳይሆን ሚዛኑን ይዞ ይሂድ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ባጃጅ ሲገለበጥ ሳይወድቅ ዘሎ የወረደ የቀድሞ ተማሪዬ «ማስተር፣ እግሬ ራሱ አወቀው» ብሎኛል። የእኔን ስም ያስታወሰው በኋላ ነው፣ እግሩ ቀድሞ አስታወሰ። ከዚህ የበለጠ የምፈልገው የለም።

5. ስለ ቃኘው ለልጆቹ ንገራቸው

ልጆቹ «ቻርዮት» እያሉ ኮሪያን በቴሌቪዥን ድራማ ብቻ ያውቋታል። አያቶቻቸው ግን ከቴኳንዶ ስም ቀድመው እዚያ ነበሩ። ሚያዝያ 1943 ከክቡር ዘበኛ የተመረጡ ወታደሮች ለኮሪያ ጦርነት ቃኘው ሻለቃ ተብለው ከአዲስ አበባ ወጡ፣ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ፑሳን ደረሱ። እየተተካኩ ከ6,000 በላይ ሰዎች ዘመቱ፤ 122 ሞቱ፣ 536 ቆሰሉ፣ የተማረከ አልነበረም። የኮሪያው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ «ቴኳንዶ» የሚለውን ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በበረዶ ውስጥ ሲዋጋ እኛ ዛሬ የምንለማመደው ነገር ገና ይህ ስም አልነበረውም።

ወታደሮቹ ከደሞዛቸው እያዋጡ ዶንግዱቾን ውስጥ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ ማቋቋማቸውን ለልጆቹ ሳትነግራቸው አትለፍ። ስለ ጦርነቱ ሲሰሙ ዓይናቸው ያበራል፤ ስለ ማሳደጊያው ሲሰሙ ዝም ይላሉ፣ ቀጥሎም «ስንት ብር ነበር ደሞዛቸው?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ልጅ ምስጋናን የሚገምተው በዋጋው ነው።

ቃኘው የተዋጋላት ደቡብ ኮሪያም አልረሳችም። ቹንቾን ከተማ ለቃኘው የተሠራውን ሐውልት አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በ1960 ተገኝተው መርቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ «ኮሪያ ሆስፒታል» የምንለውን የከፈተው የኮሪያ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል ሲሰጥም ቆይቷል። በመካከሉ ግን ክፉ ዘመን ነበር። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀበት ጊዜ አንድ የቃኘው ዘማች የደረቱን ሜዳሊያ አጥልቆ አደባባይ መውጣት አይመቸውም ነበር። ብዙዎቹ ምስጋናው ዳግም ከመምጣቱ በፊት በድህነት አረፉ። ይህን ክፍል ለልጆቹ ስነግራቸው ድምፄን ዝቅ አላደርግም። የዘገየ ምስጋና ከቀረ ይሻላል፤ ነገር ግን ለሐውልት ነው የሚደርሰው።



6. የሚሄደውን በስርዓት ሸኘው

ወደ ከባዱ ጉዳይ መጣሁ።

አንድ ጠዋት ከጎበዞቹ አንዱ ልምምድ ካለቀ በኋላ ይቀራል። ቀበቶውን እያጠፈ፣ እየፈታ፣ መልሶ እያጠፈ ይቆያል። ያን ጊዜ ታውቃለህ። «ማስተር፣ ልሄድ ነው» ይላል። ወዴት ብለህ አትጠይቅ፤ ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜ «ልሄድ ነው» ከተባለ ደቡብ አፍሪካ ነው። ወንድሙ ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ሱቅ አለው፣ አጎቱ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ይነግዳል፣ ቤተሰቡ መሬት ሸጦ ወይም ተበድሮ ለደላላው ከፍሏል። ልጁ ወዳንተ የመጣው ፈቃድ ሊጠይቅ አይደለም።

በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ክፍለ ሀገር፣ ከማላዊ የገባ አንድ መኪና ሲከፈት በኮንቴይነሩ ውስጥ 78 ኢትዮጵያውያን ተገኙ። 64ቱ ታፍነው ሞተዋል፣ 14ቱ ብቻ በሕይወት ነበሩ። ያን ሰሞን ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ነበር የምተኛው። ያስተማርኳቸውን በሐሳቤ አሰለፍኳቸውና በአንድ በአንድ የት እንዳሉ መቁጠር ጀመርኩ፤ ጥቂቶቹ ጋር ስደርስ ቆምኩ። ይህን ለሚሄደው ልጅ ንገረው። ኮንቴይነሩን፣ ቁጥሩን፣ አየር ማጣት ምን እንደሆነ። የትንፋሽ ሥራ ያስተማርነው እኛ ነን፤ ሰው በተዘጋ ብረት ውስጥ ሲጨናነቅ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ልናስረዳው እንችላለን። ሰነድ አሟልቶ በሕጋዊ መንገድ የሚሄድበት ቀዳዳ ካለ እንዲያየው ገፋፋው። አንድ ጊዜ፣ በግልጽ፣ ቤተሰቡ ባለበት ንገረው።

ከዚያ በኋላ ግን አታኩርፍ። የማያቸው አሰልጣኞች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት፤ ልጁ መሄዱን እንደ ክህደት ይቆጥሩትና በመጨረሻው ሳምንት ዓይኑን አያዩትም። እሱ ዓይንህን የሚፈልገው በዚያ ሳምንት ነው። በመጨረሻው ቀን ክፍሉን እሱ ይምራ። «ቻርዮት» እሱ ይበል። ከእሱ ጋር የተጋጠሙት ሁሉ በየተራ ቀርበው እጅ ይንሱት፤ አንዳንዱ ምን እንዳደረገለት ይንገረው፣ አጭር ይሁን። «ጉልበቴ ተጎድቶ ሳለ ሁለት ወር ደብተሬን ይዞልኝ ነበር» ያለውን ልጅ አስታውሳለሁ፤ እኔ ይህን አላውቅም ነበር። የሚሄደው ልጅ ራሱም ረስቶት ነበር። ያን ቀን ባናሰልፋቸው ነገሩ ከሁለቱም ጋር ይጠፋ ነበር።

ቀበቶውን ይዞ ይሂድ። ዩኒፎርሙን ግን እንዲተው ጠይቀው፤ በቁመቱ ለሚመጣው ሌላ ልጅ ይሆናል፣ የሚሄዱትም ይህን ይወዱታል።

ከሄዱ በኋላ ይደውላሉ። ሥራ ዘግተው በሌሊት ይደውሉና «ክፍሉን አሳየኝ» ይላሉ። ስልኩን አዙረህ አሳያቸው። ነጭ ቀበቶዎቹ እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ አያውቁትም፣ ግን ያውለበልባሉ። ሰውዬው ገንዘብ ልላክ ካለ ለጫማ ተቀበል፣ ለሌላ አትቀበል። ሱቁ ተዘርፎ ወይም ተቃጥሎ ከሆነ እንኳን አይነግርህም፤ ድምፁን ስማው።

7. አምበሪቾን በዘገምተኛው እርምጃ ውጣ

በዓመት አንድ ጊዜ የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆችን አገናኛቸው። በአንጋጫ በኩል በጠዋት ከሄዳችሁ ለአምበሪቾ ትደርሳላችሁ። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ የከምባታ አባቶች መነሻችን ብለው የሚያከብሩት ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ 777 ደረጃ ተሠርቶለታል። ልጆቹ ደረጃውን ሲያዩ ሩጫ ያምራቸዋል። ፍቀድላቸው፣ አንድ ጊዜ ይሩጡ፣ ሳንባቸው ይንገራቸው። ከዚያ ሁለተኛውን ዙር አብረው ይውጡ፣ ከሁሉ የደከመው ከፊት ሆኖ። ማንም አይለፈው። ጎበዞቹ መጀመሪያ ይናደዳሉ፣ ከመቶ ደረጃ በኋላ ማውራት ይጀምራሉ። ከዱራሜ ልጆች ጋር ያለው ወዳጅነት በውድድር ሜዳ ሳይሆን እዚያ ወሬ ላይ ነው የተፈጠረው።

ከላይ ሆነው ቁርሳቸውን ሲካፈሉ አትምከራቸው። ብላ፣ ዝም በል።

8. የማይሰሙትን አስቀድም

መካነ ኢየሱስ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ሆሳዕና ውስጥ ባቋቋመው ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ሊመጡብህ ይችላሉ። በሰልፉ ጫፍ አታቁማቸው፤ መሐል ይሁኑ። «ቻርዮት» አይሰሙም፣ የጓደኛቸውን ትከሻ ያያሉ። ስለዚህ ጎረቤቶቻቸው ትከሻቸውን ማስተካከል ይጀምራሉ፣ የእነሱም ጎረቤቶች እንዲሁ። አንድ መስማት የተሳነው ልጅ መሐል ያለበት ሰልፍ ከሌላው ይልቅ ቀጥ ያለ ነው። ክፍሉን ለማስቆም መብራቱን አጥፍተህ አብራ፤ መብራት ከጠፋ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ ወለሉን በእግርህ ምታ፣ ንዝረቱን ይሰሙታል።

9. በያሆዴ ሰሞን ቀበቶ አታስር

መስቀል ሲቀርብ የሆሳዕና መናኸሪያን ታውቀዋለህ። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከጅማ፣ አንዳንዴም ከጆሃንስበርግ፣ ሁሉም ይመጣል። የቀድሞ ተማሪዎች ሆድ አውጥተው፣ አግብተው፣ ልጅ ይዘው ይመጣሉ። ከበዓሉ ማግሥት በኋላ ባለው ቅዳሜ አዳራሹን ክፈትላቸው። ያን ቀን ማንም ቀበቶ አያስር፤ በዕድሜ እንጂ በማዕረግ አይሰለፉ። የአሥር ዓመት ነጭ ቀበቶ ከባንክ ሥራ አስኪያጁ ቀጥሎ ይቆማል።

ብዙ ነገር አታሠራቸው። የመጀመሪያዋን ሥርዓተ ልምምድ፣ ቾን-ጂን፣ ብቻ አሠራቸው። 19 እንቅስቃሴ ነው፣ ጀማሪው ባለፈው ወር የተማረው ነው፣ ባለ ሆዱም ሰውነቱ አልረሳውም። ጄኔራል ቾይ ሥርዓተ ልምምዶቹን 24 ያደረጋቸው ለቀኑ 24 ሰዓት ነው፤ የሰው ዕድሜ ከዘላለም ጋር ሲተያይ እንደ አንድ ቀን ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ሐሳቡን ለልጆቹ አላብራራም፤ ሁሉንም 24 የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የመጀመሪያዋን ግን ሁሉም ያውቃታል። መቶ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲዞር አይተህ የሚሰማህን አንተው ታገኘዋለህ።

ከዚያ አታካናው ይመጣል። እናቶቹ ያመጡታል፣ አትከልክላቸው። አንድ ዓመት «ወለሉ በቅቤ ይበላሻል» ብሎ ውጭ እንዲበላ ያደረገ ሰው ነበር፤ ስሙን አልነግርህም፣ ግን እናቶቹ እስከ ዛሬ ያስታውሱታል።

10. ከሰልፉ ውጭ ያሉትን አትርሳ

አዳራሹን ጠዋት የሚከፍተው ዘበኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል፤ ተኝቶ ብናገኘው አንገባም ነበር። ክረምት ላይ ቡና ይጠጣል፣ ስኳር ሁለት ማንኪያ። በነሐሴ 2015 ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ አዳራሽ ሁሉ ስብሰባ ይያዝበታል፤ ስብሰባ ሲመጣ ቀድሞ የሚነግርህ እሱ ነው፣ ደብዳቤ ከሦስት ቀን በኋላ ነው የሚደርስህ። ስብሰባው ቢረዝም ልጆቹን ወደ አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም አካባቢ ይዘህ ውጣ፣ ሣሩ ጥሩ ነው፣ ጭቃውን ግን ለእናቶች ቀድመህ ንገር።

ጎረቤት ያሉት ሴትዮ በጩኸታችን ተሰቃይተው አያውቁም ማለት አይደለም። በየመስቀሉ አንድ ኪሎ ቡና ውሰድላቸው፣ «ክያ!» የሚለውን ድምፅ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት እንዳያሰሙ ልጆቹን አስጠንቅቅ።

ዩኒፎርሙን ከአቡጀዲ የሚሰፋልን ልብስ ሰፊ አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ ቁልፍ ያለበትን ልብስ ትቶ የእኛን ብቻ ይሰፋል፣ ስፌቱ ቀጥታ ስለሆነ ይመቸዋል። ዋጋ አትከራከረው። የሦስት ነጭ ቀበቶዎች ልብስ ተሰፍቶ እሱ ጋ ተቀምጧል፤ ግማሹን እኔ ከፍያለሁ፣ ግማሹ ካንተ።